ጉሬዛ፣ ጥርኝና ወጥመድ፦ የዱር እንስሳ ለመያዝ ፈቃድ ለምን ያስፈልጋል?

ሐዋሳ የምትኖሩ ወይም ለጉብኝት የሄዳችሁ ከሆነ አሞራ ገደልን ታውቁታላችሁ። ጠዋት ዓሣ አጥማጆች ከሐይቁ ሲመለሱ አባ ኮዳዎች የዓሣ ቅሪት ለመልቀም ይሰበሰባሉ። ጦጣዎች የጎብኚውን እጅ እያዩ ይዞራሉ። ቀና ብላችሁ ዛፎቹን ከተመለከታችሁ ደግሞ ጥቁር ልብስ ላይ ነጭ ካባ የደረበ የሚመስል፣ ጎፈሬ ጅራቱን ቁልቁል የለቀቀ እንስሳ ታያላችሁ። ጉሬዛ ነው።

ዛሬ ሰው ካሜራውን ይዞ የሚሮጥለት ይህ እንስሳ በአንድ ወቅት የሚፈለገው ለሌላ ነገር ነበር፤ ለቆዳው። ፀጉሩ ረጅምና ለስላሳ ስለሆነ ከቆዳው ካባ፣ ጌጥና ምንጣፍ ይሠራበታል። ታዲያ ዛሬ አንድ ሰው ተነስቶ «ጉሬዛ አጥምጄ ቆዳውን ልሽጥ» ቢል ምን ይከለክለዋል? ፈቃድ ያለው ሰውስ ምን ማድረግ ይችላል? ምንስ ግዴታ አለበት? ፈቃድ የሚባለው ነገር ወረቀት ብቻ ነው ወይስ ከጀርባው ሳይንስ አለው? በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ጥያቄዎች አንድ በአንድ እናያለን።

ስሙን ከአማርኛ የወሰደው እንስሳ

የጉሬዛ ሳይንሳዊ ስም «ኮሎበስ ጉሬዛ» ይባላል። ሁለተኛው ቃል የት እንደሚታወቅ አላችሁ አይደል? በቀጥታ የእኛው ቃል ነው። ኤድዋርድ ሩፔል የሚባል ጀርመናዊ ተመራማሪ ኢትዮጵያ መጥቶ ካጠና በኋላ በ1835 እ.ኤ.አ. ይህን ዝርያ ለሳይንሱ ዓለም ሲያስተዋውቅ የአገሩን ስም እንዳለ ወሰደው። «ኮሎበስ» የሚለው ደግሞ ከግሪክ የመጣ ሲሆን «የጎደለው» ወይም «የተቆረጠ» እንደ ማለት ነው። ምክንያቱም ጉሬዛ እንደ ሌሎች ጦጣዎች የዳበረ አውራ ጣት የለውም። አራት ጣቶቹ እንደ መንጠቆ ሆነው ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘል ይረዱታል።

ጉሬዛ በዋናነት ቅጠል በሊታ ነው። ቅጠል ለመፍጨት ከባድ ምግብ ስለሆነ ሆዱ እንደ ላም ሆድ ክፍል ክፍል አለው፤ ውስጡ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ቅጠሉን ያብላሉለታል። አብዛኛውን ቀን ተቀምጦ የምታዩት ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ ሆዱ ሥራ ላይ ስለሆነ ነው።

ለዛሬው ርዕሳችን ዋናው ነገር ግን አወላለዱ ነው። ሴቷ ጉሬዛ አምስት ወር ከምናምን ታረግዛለች። የምትወልደው አንድ ግልገል ብቻ ነው። ግልገሉ ሲወለድ ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው፤ ወራት እያለፉ ሲሄዱ ነው ጥቁሩ የሚወጣው። እናትየዋ ቀጣዩን ለመውለድ በአማካይ ወደ ሃያ ወር ገደማ ይፈጅባታል። ያቺ ግልገል ሴት ከሆነች ራሷ ለመውለድ ደግሞ ከአራት ዓመት በላይ መጠበቅ አለባት። ይህን ቁጥር ያዙት፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ቆዳው የት ሄደ?

በምሥራቅ አፍሪካ በብዙ ሕዝቦች ዘንድ የጉሬዛ ቆዳ ከጥንት ጀምሮ የበዓል፣ የጭፈራና የጦር ልብስ ጌጥ ነበር። ይህ አጠቃቀም የተመጠነ ነበር ማለት ይቻላል። አንድ ሰው አንድ ለምድ ቢያሠራ ዕድሜ ልኩን ይለብሰዋል፤ ለልጁም ያወርሰዋል።

ነገሩ የተለወጠው ገበያው ሩቅና ትልቅ ሲሆን ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በአውሮፓ የጥቁርና ነጭ ጦጣ ፀጉር የሴቶች ልብስ ማስጌጫ ሆኖ ፋሽን ሆነ። ከዚያ ወዲህ ከአፍሪካ የተለያዩ አካባቢዎች የኮሎበስ ቆዳ በገፍ ይጫን ጀመር። ፋሽኑ ካለፈ በኋላም ቢሆን በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽና ከዚያ በኋላ ለቱሪስቶች የሚሸጥ የጉሬዛ ቆዳ ምንጣፍ በምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች ሱቆች፣ በአዲስ አበባም ጭምር የተለመደ ዕቃ ነበር። አንድ ምንጣፍ ለመሥራት አንድ ጉሬዛ አይበቃም። ብዙ ቆዳ አንድ ላይ ይሰፋል።

ገዥው ሩቅ አገር ስለሆነ ጫካው ውስጥ ስንት እንደቀረ አያውቅም፤ ማወቅም አይፈልግም። አዳኙ ደግሞ «እኔ ብተወው ሌላው ይወስደዋል» ብሎ ያስባል። ሁሉም እንዲህ ካሰበ ጫካው ባዶ ይቀራል። የባለቤትነቱ ነገር ግልጽ ያልሆነ የጋራ ሀብት ሁሉ ይህ አደጋ አለበት፤ የሐዋሳ ሐይቅ ዓሣም ቢሆን። የፈቃድ ሥርዓት የተፈጠረው በመጀመሪያ ይህን ችግር ለመፍታት ነው።

እስቲ እናስላው

ወደ ያዛችሁት ቁጥር እንመለስ። አንድ ጫካ ውስጥ 100 ጉሬዛዎች አሉ እንበል። ይህ ለምሳሌ ያህል የፈጠርነው ጫካ ነው። ከመቶዎቹ 30ዎቹ ለመውለድ የደረሱ ሴቶች ናቸው። እያንዳንዷ በ20 ወር አንድ ጊዜ ከወለደች በዓመት የሚወለዱት 18 ግልገሎች ናቸው ማለት ነው (30 × 12 ÷ 20)።

ከ18ቱ ሁሉም አያድጉም። በሽታ አለ፤ ንስር አለ፤ ነብር አለ፤ ከዛፍ መውደቅም አለ። ግማሾቹ አደጉ እንበል፤ 9 ቀሩ። በሌላ በኩል ከትልልቆቹ በዓመት 6 በእርጅናና በበሽታ ይሞታሉ ብንል የዓመቱ «ትርፍ» 3 ብቻ ነው።

ሦስት! ከመቶ ጉሬዛ በዓመት ሦስት ቢወሰድ ቁጥሩ ባለበት ሊቆይ ይችላል። አሥር ቢወሰድስ? በመጀመሪያው ዓመት ሰባት ይጎድላል። በሁለተኛው ዓመት የሚወልዱት እናቶች ስለቀነሱ ትርፉ ራሱ ያንሳል፤ ጉድለቱ ይጨምራል። በዚህ አያያዝ ጫካው ከአሥራ አምስት ዓመት ባነሰ ጊዜ ባዶ ይሆናል። መጥፎው ነገር ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ዓመታት ማንም ልዩነቱን አያስተውልም። «ኧረ ብዙ አለ!» ነው የሚባለው።

ባንክ ውስጥ ገንዘብ ያለው ሰው ወለዱን እየበላ ዋናውን ካልነካ ገንዘቡ አያልቅም። የዱር እንስሳትም እንደዚያው ነው። በዓመት ምን ያህል ቢወሰድ ዋናው አይነካም የሚለው ቁጥር «ኮታ» ይባላል። ኮታ በግምት የሚጻፍ አይደለም። ባለሙያዎች ጫካ ገብተው ይቆጥራሉ፤ ስንት እናት፣ ስንት ግልገል፣ ስንት ወንድ እንዳለ ይመዘግባሉ፤ ካለፈው ዓመት ጋር ያነጻጽራሉ። ወንዶ ገነት በሚገኘው የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የደንና የተፈጥሮ ሀብት ኮሌጅ የዱር እንስሳት ትምህርት ተማሪዎች የሚማሩት አንዱ ነገር ይኸው ቆጠራ ነው። ኮታው ከዜሮ በላይ የማይሆንባቸው ዝርያዎችም አሉ። በጣም ያነሱ ከሆኑ ትክክለኛው ቁጥር ዜሮ ነው።

ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን ማን እንደተወሰደም ለውጥ ያመጣል። ግልገል ያቀፈች እናት ከተገደለች የሞቱት ሁለት ናቸው። ወደፊት ትወልድ የነበረውም አብሮ ቀርቷል። ስለዚህ ብዙ አገሮች የመራቢያ ወቅትን ለአደን ይዘጋሉ፤ አገራችንም ለስፖርት አደን በምትሰጠው ፈቃድ ትኩረቱ ያረጁ ወንዶች ላይ ነው።

ወጥመድ ዓይን የለውም

ጠመንጃ የያዘ ሰው ከመተኮሱ በፊት ማየት ይችላል። ወጥመድ ግን አያይም። ይህ በወጥመድና በሌላው የአደን ዓይነት መካከል ያለ ትልቅ ልዩነት ነው፤ በብዙ አገሮች ለወጥመድ የተለየ ሕግ የወጣውም ለዚህ ነው።

ወጥመድ በጥቅሉ ሁለት ዓይነት ነው፦ የሚገድልና ይዞ የሚያቆይ። የሽቦ ቋጠሮ፣ ጥርስ ያለው የብረት ወጥመድ፣ የተሸፈነ ጉድጓድ፣ በር ያለው ሳጥን፤ ሁሉም ከሁለቱ በአንዱ ይመደባሉ። ሽቦ በተለይ አደገኛ ነው። ርካሽ ነው፤ ከወዳደቀ ገመድ ወይም ከፍሬን ሽቦ ይሠራል። ለድኩላ የተዘረጋ ሽቦ የጎረቤትን ጥጃ፣ የእረኛን ውሻ ወይም ነብርን ሊይዝ ይችላል። ከዚህም በላይ ሽቦ አይበሰብስም። ያጠመደው ሰው ረስቶት ቢሄድ እንኳ ወጥመዱ ሥራውን አያቆምም። ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ማንም የማይበላውን እንስሳ ሲገድል ይኖራል።

ሌላው ጉዳይ ሥቃይ ነው። የተያዘ እንስሳ ለማምለጥ ሲታገል ጥርሱን ይሰብራል፤ እግሩን ይቆርጣል። በዚህ ምክንያት የአውሮፓ ኅብረት እግር የሚነክሰውን የብረት ወጥመድ በ1991 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ ከለከለ። በ1997 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት፣ ካናዳና ሩሲያ ስለ ወጥመድ መለኪያ ተስማሙ። ስምምነቱ 19 የፀጉራም እንስሳት ዝርያዎችን ይመለከታል። የሚገድል ወጥመድ ከተፈተነባቸው እንስሳት ቢያንስ 80 በመቶውን እንደ ዝርያው ከ45 እስከ 300 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ራሱን እንዲስት ማድረግ አለበት። ይዞ የሚያቆይ ወጥመድም ቢሆን ጉዳት እንዳያደርስ ይፈተናል። «አምስት ደቂቃ ራሱ ረጅም አይደለም ወይ?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ልክ ናችሁ፤ የእንስሳት ደኅንነት ተሟጋቾችም የሚከራከሩት ይህንኑ ነው።

ፈቃድ ያለው አጥማጅ ምን ይጠበቅበታል?

ለፀጉራም ቆዳ ማጥመድ ሕጋዊ ሙያ ከሆነባቸው አገሮች አንዷ ካናዳ ናት። እዚያ በተለይ ቢቨር የሚባለው ውሃ ገዳቢ እንስሳ ለባርኔጣ ፀጉር ሲባል በብዙ አካባቢ እስኪጠፋ ድረስ ታድኖ ነበር። ትምህርት ተወስዶ ሕግ ሲወጣ፣ ኮታ ሲቆረጥና አካባቢዎች ለአጥማጆች ተከፋፍለው ሲሰጡ ቁጥሩ እንደገና አገገመ። ከዚያ ልምድ የወጡትን ኃላፊነቶች በአጭሩ እንያቸው።

1. መጀመሪያ መማር። አዲስ አጥማጅ ኮርስ ወስዶ ነው ፈቃድ የሚጠይቀው። የእንስሳቱን ዱካ፣ ባሕርይ፣ የወጥመድ ዓይነትና ሕጉን ማወቅ አለበት።

2. በተፈቀደው ቦታ፣ ወቅትና ዝርያ ብቻ መሥራት። ፈቃዱ «የዱር እንስሳ ያዝ» አይልም። የትኛውን ዝርያ፣ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን፣ የት የሚለውን ይዘረዝራል። ቦታው ለአንድ አጥማጅ ከተመደበ ሰውየው በሚቀጥለው ዓመትም እዚያው ስለሚሠራ እንስሳቱን ላለመጨረስ የራሱ ምክንያት ይኖረዋል።

3. ወጥመዱን ቶሎ ቶሎ ማየት። በብዙ ቦታ ሕጉ በየ24 ሰዓቱ እንዲታይ ያስገድዳል። ዝናብ ነበር፣ እንግዳ መጥቶብኝ ነበር የሚባል ነገር የለም። ሊጎበኘው የማይችል ሰው ወጥመድ መዘርጋት የለበትም።

4. ያልታሰበውን መልቀቅ። ሌላ እንስሳ ከገባ በሕይወት እንዲወጣ ማድረግ፤ ሞቶ ከተገኘ ደግሞ መደበቅ ሳይሆን ማሳወቅ።

5. የያዙትን በትክክል መመዝገብ። ይህ ሪፖርት የመንግሥትን ፋይል ለመሙላት ብቻ አይደለም። የቀጣዩ ዓመት ኮታ የሚሰላው ከእሱ ነው። አጥማጁ ሃያ ይዞ አምስት ብሎ ቢጽፍ ሳይንቲስቱ የሚያሰላው በውሸት ቁጥር ነው።

6. ወቅቱ ሲያልቅ ወጥመድን ሁሉ ነቅሎ መውጣት። ስለሚረሳ ሽቦ የተናገርነውን አስታውሱ።

7. ራስንም ሌላውንም ከበሽታ መጠበቅ። የተያዘ እንስሳ ይናከሳል። አጥቢ እንስሳ ሁሉ የእብድ ውሻ በሽታ ሊይዘው ይችላል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ያህል አጥቦ ሳይውል ሳያድር ጤና ተቋም መሄድ አለበት። የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል።

የአገራችን ሕግስ?

በኢትዮጵያ ለፀጉር ሲባል ወጥመድ መዘርጋት እንደ ካናዳ የተደራጀ ሙያ አይደለም። ሕጉ ግን አለ። በ1999 ዓ.ም የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ወጣ። በ2000 ዓ.ም ደግሞ ዝርዝሩን የያዘው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 163/2000 ወጣ። በዚያው ዓመት በአዋጅ ቁጥር 575/2000 የኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ልማትና ጥበቃ ባለሥልጣን ተቋቋመ።

የአዋጁ መሠረታዊ ሐሳብ ቀላል ነው። ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን ክልክል ነው። ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ወይም ውጤቱን ይዞ መገኘት ክልክል ነው። ያለ ፈቃድ መነገድም ክልክል ነው። ልብ በሉ፦ «ውጤት» ሲባል ቆዳ፣ ቀንድ፣ ጥርስና ዝባድን የመሳሰለው ሁሉ ነው። ስለዚህ «እኔ አልገደልኩም፣ ገዝቼ ነው» የሚለው መልስ አያድንም። የ1999ኙ አዋጅ ሲወጣ ያስቀመጠው ቅጣት ከ5,000 እስከ 30,000 ብር ወይም ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እሥራት ወይም ሁለቱንም የሚያካትት ነበር።

ይህ ለምን አስፈለገ? ሕጉ አዳኙን ብቻ ቢቀጣ ገበያው አይነካም። ገዥ እስካለ ድረስ አንዱ ቢታሰር ሌላው ይተካል። ሰንሰለቱ የሚቆረጠው ቆዳው የማይሸጥ ዕቃ ሲሆን ነው።

ከአገር ውጭ ያለውን መንገድ ደግሞ ሳይተስ የሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ይቆጣጠራል። ኢትዮጵያ የዚህ ስምምነት አባል የሆነችው በ1989 እ.ኤ.አ. ነው። ጉሬዛ በስምምነቱ ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ስላለ ቆዳው ድንበር የሚሻገረው በፈቃድ ብቻ ነው። ፈቃዱን የሚሰጠው አገር ደግሞ ንግዱ ዝርያውን እንደማይጎዳ አስቀድሞ ማረጋገጥ አለበት። ሻንጣ ውስጥ ተጠቅልሎ የሚወጣ ምንጣፍ ኤርፖርት ላይ የሚያዘው በዚህ ምክንያት ነው።

ሳይገደል የሚጠመደው ጥርኝ

እስካሁን ያየነው ስለ ቆዳ ነው። አገራችን ውስጥ ወጥመድና ፈቃድ በትክክል የተገናኙበት ቦታ ግን ሌላ ነው፤ ጥርኝ።

ጥርኝ ብዙ ሰው የዱር ድመት ይመስለዋል። ድመት አይደለም፤ የራሱ ቤተሰብ ያለው እንስሳ ነው። ሌሊት ብቻውን ይንቀሳቀሳል። ፍራፍሬ፣ ነፍሳት፣ አይጥ፣ እንቁላል፣ ሌሎች እንስሳት የሚጸየፉትን መርዛማ ሺህ እግር ሳይቀር ይበላል። ኩሱን ደግሞ ሁልጊዜ በአንድ የተወሰነ ቦታ ስለሚጥል ከበላው የዱር ፍሬ የወጡ ዘሮች እዚያ ይበቅላሉ። ባጭሩ የደኑ ዘሪ ነው።

ከጅራቱ ሥር ባለ ከረጢት ውስጥ ቅቤ የመሰለ ቅባት ያመነጫል። ዝባድ ይባላል። ጥርኙ ይህን ቅባት ዛፍና ድንጋይ ላይ እየቀባ «እዚህ ነኝ» ይላል። ዝባድ ሲነጠር የማይቻል መጥፎ ሽታ አለው። በጣም ሲቀጥን ግን ጣፋጭ መዓዛ ይሰጣል፤ ሌላውንም ሽቶ ቆዳ ላይ ያቆያል። ከዚህ ጀርባ ያለው ዋና ንጥረ ነገር ሲቬቶን ይባላል። ሊዮፖልድ ሩዚችካ የተባለው ኬሚስት በ1926 እ.ኤ.አ. አሠራሩን ሲያገኝ ኬሚስቶች ተገረሙ፤ 17 የካርቦን አቶሞች ቀለበት ሠርተው ተገኙ። እንዲህ ያለ ትልቅ ቀለበት ጸንቶ ሊኖር አይችልም ተብሎ ይታሰብ ነበር። ሩዚችካ እንዲህ ባሉ ሥራዎቹ በ1939 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ከተቀበሉት አንዱ ሆነ።

ኢትዮጵያ ለብዙ ዘመን የዓለም ዋና የዝባድ ምንጭ ሆና ቆይታለች። ከጥንቱ እናርያና ከጊቤ ነገሥታት ዘመን ጀምሮ ዝባድ ከወርቅና ከዝሆን ጥርስ ጋር የሚቆጠር የንግድ ዕቃ ነበር። በከብት ቀንድ ውስጥ ታሽጎ ይጓዛል። ጅማ፣ ኢሉባቦርና ወለጋ አካባቢ ጥርኝ የሚይዙ ቤተሰቦች ሙያውን ከአባት ወደ ልጅ አስተላልፈውታል። ለእነዚህ ገበሬዎች ዝባድ ጥሬ ገንዘብ ነው፤ የልጅ ደብተርና የክረምት ወጪ።

ችግሩ የት ነው? በልማዳዊው አያያዝ ጥርኙ አይራባም። ስለዚህ አንዱ ሲሞት የሚተካው ከጫካ በወጥመድ በሚያዝ ሌላ ጥርኝ ነው። የሚፈለገው ወንዱ ስለሆነ ወጥመድ ውስጥ የምትገባው ሴት ምን ትሆናለች የሚለውም የአጥማጁ ኃላፊነት ነው። አዲስ ከተያዙት ብዙዎቹ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቁስልና በጭንቀት ይሞታሉ። የሚተርፈው መዞር እንኳ በማይችልበት ጠባብ የእንጨት ቀፎ ውስጥ፣ እሳት በሚነድበት ጎጆ ይቀመጣል። በየዘጠኝና አሥር ቀኑ ገደማ ተይዞ ዝባዱ ይጨመቃል። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ይህ አያያዝ በእንስሳት ደኅንነት ድርጅቶች ተመርምሮ ለዓለም ሲገለጽ ትልልቅ የሽቶ ኩባንያዎች ፊታቸውን ወደ ሰው ሠራሹ ሲቬቶን አዞሩ። በእንስሳው መጎዳት ምክንያት ገበሬውም ገበያ አጣ ማለት ነው።

ከዚህ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ። እንስሳው በቁጥር ስላልጠፋ ብቻ አያያዙ ትክክል ነው ማለት አይደለም። የአፍሪካ ጥርኝ ዛሬም በዓለም አቀፍ ደረጃ ለመጥፋት ተቃርበዋል ከሚባሉት ውስጥ አይደለም። ጥያቄው የሥቃይ ነው። ስለዚህ ጥሩ ፈቃድ ሁለት ጥያቄ ይመልሳል፦ «ስንት?» እና «እንዴት?»። ጥርኝ ለመያዝ ፈቃድ የሚወስድ ሰው ቀፎው ምን ያህል ሰፊ ነው፣ መኖው ምንድን ነው፣ ዝባዱ የሚወጣው ሳያቆስል ነው ወይ ለሚሉት መልስ ሊኖረው ይገባል።

ሌላ መንገድም ይታሰባል። በመናገሻ ሱባ ደን የተደረገ ጥናት ጥርኝ ዝባዱን የት የት እንደሚቀባ ተከታትሏል። ጥርኝ ተመላልሶ በተመሳሳይ ቦታ ስለሚቀባ ቅባቱን ከዛፉና ከድንጋዩ ላይ መሰብሰብ ይቻላል የሚል ሐሳብ ይነሳል። መጠኑ ትንሽ ነው፤ ልፋቱም ብዙ ነው። ግን ማንም አይታሰርም፤ ደኑም ዘሪውን አያጣም።

ወረቀት ብቻውን ይበቃል?

አይበቃም። ለዚህ ከሐዋሳ ብዙም ሳይርቅ ምስክር አለ። ሰንቀሌ የተባለው መጠለያ የተከለለው በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኘውን የስዌይን ቆርኬ ለመጠበቅ ነው። በ1983 ዓ.ም የመንግሥት ለውጥ በነበረው ግርግር ጥበቃው ሲላላ የቆርኬው ቁጥር ክፉኛ አሽቆለቆለ። ሕጉ አልተሻረም ነበር። የጠፋው የሚያስከብረው ሰውና የአካባቢው ሕዝብ «የእኔ ነው» የሚልበት ምክንያት ነው። ጥበቃው ሲጠናከር ቁጥሩ ማገገም ጀመረ።

ፈቃድ የሚሠራው ሦስት ነገሮች ሲገናኙ ነው፦ በትክክል የሚቆጥር ሳይንቲስት፣ በሐቅ የሚቆጣጠር ተቋምና ከጥበቃው ጥቅም የሚያገኝ ኅብረተሰብ። አንዱ ከጎደለ ፈቃዱ ማኅተም ያለበት ወረቀት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

እናንተስ ምን ማድረግ ትችላላችሁ?

ጫካ ወይም ማሳ ዳር የሽቦ ወጥመድ ካያችሁ ቦታውን አስታውሳችሁ ለአካባቢው የዱር እንስሳት ጥበቃ፣ ለቀበሌ ወይም ለግብርና ባለሙያ ተናገሩ። እንስሳ ተይዞ ካገኛችሁ ራሳችሁ ለማስፈታት አትሞክሩ። የፈራ እንስሳ የሚረዳውን ሰው አይለይም።

የዱር እንስሳ ቆዳ ወይም የጦጣ ግልገል «በርካሽ ውሰዱ» የሚል ሰው ከመጣ አትግዙ። ግልገሏን ያዘንኩላት መስሏችሁ ብትገዙ እንኳ ሻጩ ነገ ሌላ ለማምጣት ይመለሳል። ግልገል ለመያዝ ደግሞ ብዙ ጊዜ እናቲቱ ትገደላለች።

አሞራ ገደል ስትሄዱም ለጉሬዛ ዳቦ፣ ብስኩትና ሙዝ አትስጡ። ቅጠል ለማብላላት የተሠራው ሆዱ በስኳርና በዱቄት ሊታመም ይችላል። ሰው ምግብ ይሰጣል ብሎ የለመደ እንስሳ ደግሞ ሰውን አይፈራም፤ ሰውን የማይፈራ እንስሳ ለአጥማጅ ቀላል ነው።

ይልቅ ማስታወሻ ደብተር ያዙ። ስንት ጉሬዛ አያችሁ? ስንቶቹ ነጭ ግልገል አቅፈዋል? በሚቀጥለው ወር በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ዛፍ ሥር ቆማችሁ ደግማችሁ ቁጠሩ። ከላይ ያየነው ኮታ፣ ፈቃድና ሕግ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ዓይነት ቆጠራ ነው። ዓመቱን ሙሉ የቆጠረ ተማሪ «ኧረ ብዙ አለ!» ለሚለው ሰው በቁጥር ይመልስለታል።